ዝምድና ወይስ ጉርብትና? የኬልትና የኢታሊክ ልሳናት ክርክር ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ሲታይ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)




ለዚህ ጉባኤ ንግግር እንዳዘጋጅ በታዘዝኩ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስለ መሠረት አፈር ወይም ስለ ሲሚንቶ ጥራት ይናገራል ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔም በመጀመሪያ ያሰብኩት እርሱኑ ነበር። ነገር ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ከሥራ የተረፈውን ጊዜዬን የወሰደብኝ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሁለት ቋንቋዎች ሲመሳሰሉ መመሳሰላቸው ከአንዲት እናት ስለ ተወለዱ ነው ወይስ ጎን ለጎን ስለ ኖሩ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ በአውሮፓ የኬልትና የኢታሊክ ልሳናት ጥያቄ ተብሎ ከ160 ዓመት በላይ ሊቃውንትን አከራክሯል። እኔን ያገኘኝ ግን በአውሮፓ ሳይሆን በኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ አጠገብ በምንሠራው ሕንፃ ላይ ነው።

እንደምታውቁት ኮልፌ ከጉራጌና ከስልጤ አገር የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። አንድ ቀን የሁለተኛውን ፎቅ የሶሌታ ብረት አስረን ስንጨርስ ዝናብ መጣና ሠራተኛው ሁሉ ከዘበኛው የቆርቆሮ ቤት ሥር ተጠለለ። ፌራዮው የቸሃ ሰው ነው፤ የእምድብር ልጅ። ዘበኛው ደግሞ ከወራቤ አካባቢ የመጡ የስልጤ ሽማግሌ ናቸው። ፎርማናችን ጨዋታ ማሞቅ ስለሚወድ፣ «እናንተ ሁለታችሁም ጉራጌዎች አይደላችሁም እንዴ? እስቲ በቋንቋችሁ ተጫወቱና እንስማ» አላቸው። ፌራዮው ሳቀና፣ «እኔ ጋሼ በቋንቋቸው ሲናገሩ አንዱንም አልይዘው፤ የምንግባባው ይኸው በአማርኛ ነው» አለ። ዘበኛው ግን አልሳቁም። «እኔ ስልጤ ነኝ እንጂ ጉራጌ አይደለሁም። መርካቶ በነበርኩ ጊዜ ከጎረቤቴ ከሐረሪው ነጋዴ አፍ የምይዘው ቃል ከዚህ ልጅ አፍ ከምይዘው ይበልጥ ነበር» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው፣ «ኢንጂነር፣ አንተ ተምረሃል፤ መጽሐፉ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የማቀርብላችሁ ለእርሳቸው መልስ ስፈልግ ያገኘሁትን ነው።

በመጀመሪያ የቋንቋ ሊቃውንት የሚሠሩበትን ዘዴ ለማስረዳት ከቅየሳ ሥራ ምሳሌ ብወስድ ይቀለኛል። ሁለት ቀያሾች በአንድ መስመር ላይ የያዙት የከፍታ መዝገብ ቀርቦላችኋል እንበል። በሁለቱም መዝገብ ትክክለኛው ከፍታ ቢገኝ ስለ ሁለቱ ሰዎች ግንኙነት የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ ሁለቱም ያንኑ መሬት ለክተዋልና። ነገር ግን በሁለቱም መዝገብ፣ በአንዱ ነጥብ ላይ፣ ያው የ12 ሳንቲ ሜትር ስህተት ቢገኝ መጠርጠራችሁ አይቀርም። ሁለቱ ከአንድ የተሳሳተ ቤንች ማርክ ተነሥተው ይሆናል፤ ወይም አንዱ ከሌላው ገልብጦ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ያ ቦታ ማንም ቀያሽ ቢሆን የሚሳሳትበት ቦታ ነው። በቋንቋም ነገሩ ይኸው ነው። ከጥንታዊት እናት የተወረሰውን ሳይለውጡ መያዝ የቅርብ ዝምድናን አያስረዳም። የሚያስረዳው አብሮ መለወጥ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለውጡ ብድር ወይም አጋጣሚ አለመሆኑ ከተመረመረ በኋላ ነው።

ወደ አውሮፓው ክርክር እንለፍ። ኢታሊክ የሚባሉት ላቲንና በጥንቷ ኢጣልያ ጎረቤቶቹ የነበሩት እንደ ኦስካንና ኡምብሪያን ያሉት ልሳናት ናቸው። ኬልታዊ የሚባሉት ደግሞ የአይርላንድና የዌልስ ቋንቋዎች፣ እንዲሁም ከብዙ ዘመን በፊት የጠፉት በዛሬዪቱ ፈረንሳይ ይነገር የነበረው የጎል ልሳንና በእስፓኝ ይነገር የነበረው ኬልቲቤሪያኛ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ከሕንድ እስከ አውሮፓ የተዘረጋው የኢንዶ አውሮፓ ቤተሰብ አባላት መሆናቸው አያጠራጥርም። የሚያከራክረው ከዚያች ጥንታዊት እናት በኋላ የሁለቱ ብቻ የሆነች ሌላ እናት ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለው ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ሽላይኸር በ1861 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የልሳናት ዛፍ ላይ ሁለቱን ከአንድ ቅርንጫፍ አውጥቷቸዋል።

ለዚህ አስተያየት ድጋፍ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ይቀርብ የነበረው በላቲን ተደራጊ ግሥ መጨረሻ ላይ ያለው የረ ድምፅ ነው። ላቲን «ይወደዳል» ለማለት «አማቱር» ይላል፤ የአይርላንድ ቋንቋም ተመሳሳይ መድረሻ አለው፤ ግሪክኛና የሕንድ ሳንስክሪት ግን ይህን አያውቁም። ማስረጃው የማይነቃነቅ ይመስል ነበር። ነገር ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በመካከለኛው እስያ የተገኙ የቶካርኛ ጽሑፎች፣ በአናቶልያም የተገኙ የሒታውያን የሸክላ ሰሌዳዎች ሲነበቡ ያው የረ መድረሻ በእነዚያም ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ ረ የጥንታዊት እናት ውርስ እንጂ የኬልትና የኢታሊክ የጋራ ፈጠራ አለመሆኑ ታወቀ። በምሳሌያችን እንግለጸው ብንል፣ የጋራ ስህተት ነው የተባለው ትክክለኛው ከፍታ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ባለቤትነትን የሚያሳየው የኢ መድረሻ ነበር። ላቲን «የጌታ» ሲል «ዶሚኒ» ይላል፤ በአይርላንድ ጥንታውያን የድንጋይ ጽሑፎች ላይም «የ... ልጅ» በሚለው አነጋገር ውስጥ «ማቂ» የሚል ቃል ይገኛል። ይሁንና በ1977 እ.ኤ.አ. ከሮም በስተ ደቡብ በሳትሪኩም በቁፋሮ አንድ ድንጋይ ወጣ። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 500 ዓመት ግድም ይገመታል። ላቲን ወይም የላቲን የቅርብ ዘመድ በሆነ ልሳን የአንድ ሰው ስም ተቀርጾበታል፤ «የፑብሊዩስ ቫሌሪዩስ» ለማለት የተጻፈው ግን በኢ ሳይሆን «ፖፕሊኦሲኦ ቫሌሲኦሲኦ» ተብሎ ነው። የኬልቲቤሪያ ጽሑፎችም በዚህ ቦታ ኢ ሳይሆን ኦ ያሳያሉ። እንግዲህ የኢ መድረሻ በሁለቱም ወገን የነገሠው ከተለያዩ በኋላ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። አንድ ድንጋይ የስንት ሊቃውንትን ስሌት እንዳናጋ ልብ በሉ፤ እኛ አንድ የመሠረት ጉድጓድ ተጨምሮ ሲቆፈር ምን ሊመጣ እንደሚችል ስለምናውቅ አይደንቀንም።

ያልተናጋ ማስረጃ ግን አለ። «አምስት» የሚለው ቁጥር በሳንስክሪት «ፓንቻ»፣ በግሪክኛ «ፔንቴ» ነው፤ በሁለቱም መጀመሪያ ላይ ያለው ፐ የእናቲቱ ድምፅ ነው። በላቲን ግን «ኲንኴ»፣ በጥንታዊው የአይርላንድ ቋንቋ ደግሞ «ኮይክ» ሆኗል። በቃሉ መካከል ያለው የኰ ድምፅ የፊተኛውን ፐ ወደ ራሱ ስቦታል። (የእኛ ፊደል ኰንና ቈን በአንድ ምልክት ስለሚጽፍ ለዚህ ጥናት ከላቲኑ ፊደል ይልቅ የተመቸ ይመስለኛል።) ኬልታዊዎቹ ልሳናት በሌሎች ቃላት ላይ ፐን ጨርሰው ጥለዋል፤ ለምሳሌ ላቲን አባትን «ፓቴር» ሲል በአይርላንድ ፐ የለችም። ስለዚህ የ«አምስት» ለውጥ የሆነው ፐ ከመጥፋቷ በፊት ነው፤ ይህም በጣም ጥንታዊ ያደርገዋል። እንዲህ ያሉትን ጥቂት ለውጦች ይዘው ሆላንዳዊው ፍሬድሪክ ኮርትላንትና ሌሎችም የጋራ እናት ነበረች ይላሉ፤ አሜሪካዊው ካልቨርት ዋትኪንስ ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አልነበረችም ብሎ ተከራክሯል። ዛሬ ሚዛኑ ወደ «ነበረች» ያዘነበለ ይመስላል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ አገራችን እመለሳለሁ። ላቲን አራትን «ኳቱኦር» ሲል ጎረቤቱ ኦስካን «ፔቶራ» ይላል። በኬልቶችም ዘንድ አይርላንድ በከ ሲጀምር ዌልስ «ፔድዋር» ይላል። ይህን ብቻ የተመለከተ ሰው ዌልስን ከኦስካን፣ አይርላንድን ከላቲን ሊያጋባ ይችላል። ዛሬ ግን ከኰ ወደ ፐ መለወጥ በብዙ ቦታ በየራሱ የሚሆን ነገር መሆኑ ታውቋል፤ ማንም ቀያሽ የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር አለ። ግዕዝ «ኮነ» ያለውን አማርኛ «ሆነ» ይላል፤ የቸሃው ፌራዮ «ኸረም» ይላል፤ ትግርኛ ደግሞ «ኮነ» ብሎ ሳለ በሌላው ጊዜ «ይኸውን» ይላል። ከ ላልቶ ኸ፣ ኸም ላልቶ ሀ መሆኑ በዓለም ላይ እጅግ የተለመደ ስለሆነ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ትግርኛንና ቸሃን ወንድማማች ማድረግ አይቻልም።

ሴማውያን የሆኑትን የኢትዮጵያ ልሳናት ለመመደብ ብዙ ሰዎች ደክመዋል። ከእነርሱ አንዱ ሮበርት ሄትስሮን በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው አመዳደብ እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። በእርሱ አስተያየት ግዕዝ፣ ትግርኛና ትግረ የሰሜን ወገን ሲሆኑ፣ የቀሩት ሁሉ የደቡብ ወገን ናቸው። ስለዚህ አማርኛ፣ ብዙዎቻችን በተማሪ ቤት እንደ ሰማነው፣ የግዕዝ ልጅ ሳይሆን የግዕዝ እኅት ልጅ ነው። የደቡቡ ወገንም በሁለት ይከፈላል። በአንዱ በኩል አማርኛና አርጎብኛ፣ ከእነርሱም ጋር ሐረሪኛ፣ ስልጥኛ፣ ወለንኛና በዝዋይ ሐይቅ የሚነገረው ዛይኛ ይገኛሉ። በሌላው በኩል ጋፋትኛ፣ ክስታንኛ፣ ጎጎት፣ ሙህርና መስቃን፣ እንዲሁም ቸሃን፣ እዣንና እኖርን የመሰሉት ምዕራባውያን ይሰለፋሉ። እንግዲህ በተለምዶ «ጉራጌኛ» ተብለው በአንድ ስም ሲጠሩ የኖሩት ልሳናት በአንዲት ቅርንጫፍ ላይ አልተገኙም ማለት ነው። ሄትስሮን በ1977 እ.ኤ.አ. ለሁለተኛው ምድብ ጉራጌዎች ስም ሲያወጣ ከራስ ስያሜያቸው ወስዶ ጉነን ጉራጌ ብሏቸዋል፤ ራስን በክስታንኛ «ጉነን»፣ በቸሃ «ጉነር» ይሉታልና።

ከማስረጃዎቹ አንዱን በዚያው በሕንፃው ላይ ለመፈተን ችያለሁ። አማርኛ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ «ይሰብራል» ይላል፤ «ይሰብር» ብቻውን አይቆምም፤ «አለ» የሚለው ረዳት ግሥ ተለጥፎበታል። ሐረሪኛም «ይሰብራል» ይላል። የዘበኛውም ቋንቋ በዚህ ቦታ ረዳት ግሥ ይለጥፋል። ፌራዮው ግን «ይሰብር» ብሎ ያቆማል፤ ግዕዝም ያደረገው እንዲሁ ነው። በዚህ መለኪያ ዘበኛው ከሐረሪው ነጋዴ ጋር ይቀራረባሉ ያሉት እውነት ሆኖ ተገኘ።

ይሁንና በእኛው ምሳሌ መሠረት መጠየቅ አለብን፤ ይህ የጋራ ቤንች ማርክ ነው ወይስ ማንም የሚሄድበት መንገድ? ትግርኛ «እየሰበረ ነው» ለማለት «ይሰብር ኣሎ» ይላል፤ ስለዚህ «አለ»ን ወደ ግሥ ማስጠጋት የሰሜኑም ልሳን የሚያውቀው ዝንባሌ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ጊዴዎን ጎልደንበርግ የሄትስሮንን አመዳደብ ነቅፎ የጻፈ ሲሆን፣ ሌሎችም ከዚያ ወዲህ ተከትለውታል። በተለይ ሙህር ለመዳቢዎች ሁሉ እሾህ ነው፤ ከክስታንኛና ከጎጎት ጋር የሚጋራው ነገር አለው፤ ከምዕራባውያኑም ጋር የሚጋራው አለው። እኔ የሄትስሮን ሥዕል በትልልቁ መስመር ትክክል ይመስለኛል፤ በዝርዝሩ ግን የጎረቤት ሥራ ገብቶበታል።

ወደ ቁጥር አምስት እንመለስ። ግዕዝ «ኀምስቱ»፣ ሐረሪኛ «ሐምስቲ» ሲሉ፣ አማርኛና ቸሃ ጉሮሯዊውን ድምፅ ጥለው በአ ይጀምራሉ። ጉሮሯዊውን መጣል አማርኛንና ቸሃን ወንድማማች ያደርጋቸዋል እንዳንል፣ ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው የተባለው ሐረሪኛ ድምፁን ይዞታል። ስለዚህ ሁለቱ ድምፁን የጣሉት በየራሳቸው ነው፤ ሐረሪኛ ለእኛ የሳትሪኩምን ድንጋይ ሥራ ሠርቶልናል ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን አናጢው ገባበት። እርሱ የእዣ ሰው ሲሆን ከፌራዮው ጋር በየቋንቋቸው ይግባባሉ። «ሰበረ» በሉ ስላቸው ፌራዮው «ሰፐረም» ሲል፣ አናጢው በን አጥብቆ «ሰበረም» አለ። ቸሃ ድሮ ይጠብቅ የነበረውን በ ወደ ፐ ለውጦታል፤ እዣ ግን መጥበቁን እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ሁለቱ ከዚህ በፊት ልብ ብለውት እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አንዱ ሌላውን ሳይቀልድበት አይውልም።

ስለ መነሻም አንድ ሁለት ቃል ልበል። ክስታኔዎች አባቶቻችን በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ከአዝማች ስብሐት ጋር ከአካለ ጉዛይ፣ ከጉራ መጡ ይላሉ። በስልጤም ዘንድ ከሐረር መምጣትን የሚናገር ትውፊት አለ። ቋንቋው ሁለተኛውን ትውፊት በከፊል የሚደግፍ ይመስላል፤ ነገር ግን በሐረርና በስልጤ መካከል ያለው አገር ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትና የሕዝብ እንቅስቃሴ በፊት በተመሳሳይ ልሳን ተናጋሪዎች የተያዘ ነበር የሚሉ ሊቃውንት ስላሉ፣ ለመመሳሰሉ የግድ ጉዞ አያስፈልግም። ክስታንኛ ደግሞ የደቡብ ልሳን እንጂ የትግርኛ ልጅ አይደለም። ይህ ግን ትውፊቱን ሐሰት አያሰኘውም፤ የዘመተ ጭፍራ የሰፈረበትን አገር ቋንቋ ለምዶ የራሱን መተዉ በታሪክ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ግሮቨር ሃድሰን በ1977 እ.ኤ.አ. የሴማውያን ልሳናት ልዩነት የበዛው በኢትዮጵያ ስለሆነ መነሻቸው እዚሁ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ በኮምፒዩተር የተሠራ ስሌት ልሳናቱ ከደቡብ ዐረቢያ የገቡት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ2,800 ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላል። ስሌት የሚሰጠው ውጤት ባስገቡበት ቁጥር ልክ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ዘበኛው ጥያቄ ልመለስ፤ የጠየቁኝ ለጨዋታ አልነበረምና። የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የራሱ ማንነት ያለው ሕዝብ መሆኑን በድምፁ ወስኗል። በእንዲህ ያለው ጉዳይ አንዳንድ ሰዎች የቋንቋውን ዛፍ እንደ ይዞታ ካርታ ዘርግተው ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ፤ ይህ የማይሆን ነገር ነው። ዛፉ የሚናገረው ስለ ግሥና ስለ ድምፅ ነው። በሄትስሮን አመዳደብ ክስታንኛና ቸሃ ራሳቸው በሁለት ንዑስ ክፍል የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱ ግን ጉራጌ ነን ይላሉ፤ ማንም ሊከለክላቸው አይችልም። እንደዚሁም የስልጤ ሰው ጉራጌ አይደለሁም ለማለት የሄትስሮን ፈቃድ አያስፈልገውም። ይህንኑ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። «ታዲያ መጽሐፉ ለምን ይጠቅማል?» አሉኝ።

ለዚህኛው መልሴ ጋፋትኛ ነው። ይህ ልሳን በጎጃም ይነገር ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ወሰደ። ወልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ተናጋሪዎቹን ፍለጋ በሄደ ጊዜ ያገኘው አራት ሰዎችን ብቻ ነበር። ከእነዚያ ከአራቱ አፍ የተጻፈው ባይኖር፣ በጎጃም ያለ ልሳን ከክስታንኛና ከጎጎት ጋር መዛመዱን ማረጋገጥ በከበደ ነበር። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር የለም።

ዘበኛው ይህን ሰምተው ዝም አሉ። በማግሥቱ ግን ሥራ ከመግባታችን በፊት መዝገቡን አምጣ አሉኝ። በሊቃውንቱ ዘንድ የተለመደውን የ100 ቃላት ዝርዝር ይዘን ከእርሳቸው፣ ከፌራዮውና ከአናጢው ጻፍን። የዘበኛው የልጅ ልጅ ኮልፌ የተወለደ ነው፤ በአያቱ ቋንቋ የሚያውቀው እስከ ዐሥር መቁጠር ብቻ ስለሆነ ከእርሱ የጻፍነው ቁጥሮቹን ነው። ሽማግሌው ራሳቸው ስድስት ቃላት ላይ ቆሙ፤ «እናቴ ትለው ነበር፤ አሁን አማርኛው ብቻ ነው የሚመጣልኝ» ብለው ባዶ አስቀሩት። ከሳምንት በኋላ ወራቤ ላሉት እኅታቸው ስልክ ደወሉ፤ እርሳቸው አራቱን ሞሉልን። ሁለቱ ቦታዎች እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው።